ሰገራ መቋጠር

ሰገራ መቋጠር ማለት አንድ ሕፃን ሰገራው ሲመጣ እንዳይወጣ የፊንጢጣውንና የመቀመጫውን ጡንቻዎች አጥብቆ መያዙ ነው። በእንግሊዝኛ የሕክምና ጽሑፎች «ስቱል ዊዝሆልዲንግ» የሚባለው ይኸው ነው። ልጁ በገዛ ጡንቻው የሚያደርገው ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት እልኸኝነት ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ የሕመም ፍርሃት ነው። ጎልቶ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን ከዚያ በፊትም በኋላም ሊያጋጥም ይችላል።

በአማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም «የሆድ ድርቀት» ነው። ድርቀት ሰገራው የደረሰበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ አይናገርም፤ የወላጅንም ሐሳብ ወደ ምግብ ብቻ ይወስደዋል። ለሽንት ሲሆን ግን ቋንቋው ድርጊቱን የሚገልጽበት ግስ አለው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ተሳፋሪ ወይም አስተማሪውን ለማስፈቀድ ያፈረ ተማሪ ሽንቱን ቋጠረ ይባላል። እዚህ የተወሰደው ይኸው ግስ ነው። «ሰገራ መከልከል» ቢባል ከልካዩ ሌላ ሰው ይመስላል፤ «ሰገራ ማቆየት» ቢባል ደግሞ ልጁ ከራሱ አካል ጋር የገጠመው ትግል ይጠፋል። ከመቋጠር ጋር አብረው የሚነሡ ሁለት ስያሜዎችም አሉ። ሳይወጣ የቆየው ሰገራ ጠጥሮ ሲቆለል «የሰገራ ክምችት» ይባላል። ከክምችቱ ዳር ሾልኮ የውስጥ ልብስ ሲያበላሽ ደግሞ «ሰገራ ማምለጥ» ነው፤ ሐኪሞች «ኤንኮፕሬሲስ» የሚሉት ይህንን ሲሆን ስሙ የሚሰጠው 4 ዓመት ለሞላው ልጅ ነው።

ሰገራን የመያዝና የመልቀቅ ሥራ በዋናነት የሁለት ቀለበታማ ጡንቻዎች ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል በሆነው ሬክተም ውስጥ ሰገራ ገብቶ ግድግዳው ሲወጠር የውስጠኛው ጡንቻ ያለ ሰው ፈቃድ ይላላል። የውጨኛው ግን ለፈቃድ የሚገዛ ነው፤ ሰው ቦታና ጊዜ እስኪመቸው የሚታገሠው በእሱ ነው። ሕፃን በዚህ ጡንቻ ማዘዝ የሚለምደው 1 ዓመት ካለፈው በኋላ ቀስ በቀስ ነው፤ አንዴ ማዘዝ ከቻለ ደግሞ ለመልቀቅም ለመያዝም ይጠቀምበታል። ጡንቻው ለጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ከቆየ ሬክተም የያዘውን ይለምደዋል፣ የመጣው ስሜት ይሄዳል፣ ልጁም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አንጀት ግን ሥራውን አያቆምም፤ ሰገራው በቆየ ቁጥር ውኃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚመጣው ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ሲወጣ ያማል፣ ፊንጢጣን ሊሰነጥቅና ደም ሊያሳይም ይችላል። ልጁ የፈራው አልቀረለትምና በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ አጥብቆ ይቋጥራል። ፍርሃት መቋጠርን፣ መቋጠር ድርቀትን፣ ድርቀት ሕመምን፣ ሕመምም መልሶ ፍርሃትን ይወልዳል።

ይህ አዙሪት የሚጀምርባቸው የታወቁ ጊዜያት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሕፃኑ ከእናት ጡት ወደ ላም ወተትና ወደ ምግብ የሚዞርበት ነው። ወተት እየጠጣ ምግብ የሚገፋ ልጅ ሰገራው በቀላሉ ይደርቃል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የላም ወተት ራሱ የማይስማማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት ሥር የሰደደ ድርቀት ከነበረባቸው 65 ሕፃናት መካከል 44ቱ የላም ወተት በአኩሪ አተር ወተት ሲተካላቸው መሻላቸውን አሳይቷል። ልጆቹ ማለስለሻ መድኃኒት ተሞክሮላቸው ያልተሻላቸው ስለነበሩ ውጤቱን ለድርቀት ሁሉ ማዋል አይገባም። ሁለተኛው ጊዜ ልጁ ዳይፐር ትቶ ፖፖ ላይ መቀመጥ የሚማርበት ነው። ሦስተኛው ሙአለ ሕፃናት ወይም ትምህርት ቤት የሚገባበት ሲሆን የማይዘጋ በር፣ የሚሸት ሽንት ቤት፣ ወይም በሰው ፊት ለማስፈቀድ ማፈር ቀኑን ሙሉ ለመቋጠር ይበቃል። ከእነዚህ ውጭ አንድ የትኩሳት ሳምንት ያደረቀው ሰገራ ወይም በዳይፐር የተቃጠለ ቆዳ በአንድ ቀን ሊያስጀምረው ይችላል፤ ለትንሽ ልጅ አንድ ክፉ ሕመም ብዙ ነው።

ወላጆችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የመቋጠር መልክ ነው። ልጁ በእግሮቹ ጣቶች ይቆማል፣ እግሮቹን ያጣምራል፣ መቀመጫውን ጭምቅ አድርጎ ሰውነቱን ያገትራል፣ የወንበር ጫፍ ይጨብጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል። አንዳንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም ከሶፋ ኋላ ይደበቃል። ይህን ያየ ሁሉ «አልወጣ ብሎት እያማጠ ነው» ይላል። የሚያምጥ ሰው ግን ይቀመጣል፣ ይጎነበሳል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ያቀርባል፤ ቀጥ ብሎ እግሮቹን ያጋጠመ ልጅ የሚታገለው ለማስቀረት ነው። ይህን መለየት የምርመራው ግማሽ ነው፤ ለማየት የሚመቸውም ልጁን ለሩብ ሰዓት ከሚያገኘው ሐኪም ይልቅ አብሮት ለሚውል ሰው ነው። ከ9 ወር በታች ያለ ጨቅላ እያለቀሰ ከ10 ደቂቃ በላይ አምጦ በመጨረሻ ለስላሳ ሰገራ ቢያወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሆድን መግፋትና ፊንጢጣን ማላላት ገና አላስማማም፤ በጊዜው በራሱ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሮም አራት» የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መቋጠርን ከድርቀት ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ መስፈርት እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ድርቀት አለበት የሚባለው ከአምስት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ለ1 ወር ሲታዩበት ነው፤ እነሱም በሳምንት ከ2 ጊዜ ያልበለጠ መውጣት፣ አብዝቶ መቋጠር፣ የሚያም ወይም ደረቅ ሰገራ፣ ከወትሮው የወፈረ ሰገራ፣ በሬክተም ውስጥ ትልቅ ክምችት ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚወጣለት ልጅም ሊቋጥር ይችላል።

መቋጠር ለወራት ከቀጠለ ሬክተም እንደ ተጎተተ ላስቲክ ይለጠጣል። የተለጠጠ ሬክተም ትንሽ ሰገራ ሲገባበት አይሰማውም፤ ልጁ «አልመጣብኝም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ከላይ የሚወርደው ቀጭን ሰገራ በጠጠረው ክምችት ዳር እየሾለከ ሳያስበው ልብሱ ላይ ያመልጠዋል። ይህ ተቅማጥ መስሎ የተቅማጥ መድኃኒት የሚሰጠው ልጅ አለ፤ ክምችቱም ይብስበታል። «ትልቅ ልጅ ሆኖ ልብሱ ላይ» ተብሎ የሚገረፍም አለ፤ ባልተሰማው ነገር መቀጣቱ ነው። ክምችቱ የሽንት ፊኛን ስለሚጫን አልጋ ላይ መሽናትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል፤ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል።

ከመቋጠር ጋር የሚምታታ አንድ ሌላ ጠባይ አለ፤ ፖፖ እምቢታ ሊባል ይችላል። ልጁ ሽንቱን ፖፖ ላይ ይሸናል፣ ሰገራው ሲመጣ ግን ዳይፐር እንዲደረግለት ይጠይቃል፣ ከተደረገለትም ሳይቸገር ያወጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ብሩስ ቶብማን 482 ልጆችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ከመቶ 22ቱ ቢያንስ ለ1 ወር ይህን ጠባይ አሳይተዋል። ቶብማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት ድርቀትና የሚያም ሰገራ በአብዛኛው ከእምቢታው ቀድመው ይመጣሉ። ዳይፐር የተከለከለ እምቢተኛ ደግሞ መቋጠር ይጀምራል፤ ስለዚህ የተወሰደውን ዳይፐር መመለስ ብዙ ቤተሰብ ሽንፈት ቢመስለውም ትክክለኛው እርምጃ ነው።

ድርቀት ካለባቸው ሕፃናት ከመቶ ከ90 በሚበልጡት ዘንድ ከበስተጀርባ ሌላ በሽታ የለም። ለቀሩት ሲባል ግን ሐኪም የሚፈልጋቸው ምልክቶች አሉ። ከእነሱ ዋናው ጨቅላው በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ አለማውጣቱ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1886 የኮፐንሃገኑ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ የገለጹትን፣ የአንጀት መጨረሻ የነርቭ ሕዋሳት የሚጎድሉበትን የትውልድ ሕመም ያስጠረጥራል። በተወለደ በመጀመሪያው ወር የጀመረ ድርቀት፣ የሆድ መነፋት ከአረንጓዴ ትውከት ጋር፣ ክብደት አለመጨመር፣ የእግር መድከም፣ መሰንጠቅ በሌለበት ደም መታየትም ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው።

እርዳታው ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም በይዘቱ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። ፖፖ ማስተማር መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ሰገራው ልጁ ሊይዘው እስኪያዳግተው ድረስ መለስለስና ለሳምንታት ያለ ሕመም መውጣት አለበት፤ ፍርሃቱ የሚረሳው በምክር ሳይሆን በተደጋጋሚ አለመታመም ነው። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት የጋራ መመሪያ ተመራጩ ማክሮጎል ወይም ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ነው። ዱቄቱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ውኃን ይዞ በአንጀት ውስጥ እየወረደ ሰገራውን ያረጥበዋል። ክምችት ካለ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ከ3 እስከ 6 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኪሎ 0.4 ግራም አካባቢ ተጀምሮ እንደ ሰገራው ሁኔታ ይስተካከላል። መጠኑን የሚወስነው ልጁን ያየ ሐኪም ነው። ማክሮጎል ካልተገኘ ላክቱሎስ ሽሮፕ ይተካዋል። አሜሪካ ያሉ ወላጆች መድኃኒቱን በሚራላክስ ስም ያገኙታል። በማሸጊያው ላይ ከ17 ዓመት በታች ላሉት ሐኪም እንዲጠየቅ ስለሚል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ለሕፃናት የሚታዘዘው ግን በሐኪሞች ዘንድ በተለመደ አሠራር ነው።

«አንጀቱ ይለምደዋል» የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። አንጀትን የሚያሰንፈው ግን ተለጥጦ መቆየቱ እንጂ ማክሮጎል አይደለም። በአንጻሩ ሳሙና ወይም ጣት ከፊንጢጣ ማስገባትና ልጁን ይዞ በኃይል ማጠብ ፍርሃቱ ያለበትን ቦታ መንካት ነው፤ ዛሬ ቢያስወጣ ነገ ያስቋጥራል። የጉሎ ዘይት ደግሞ በቁርጠት ስለሚሠራ ለዚህ ልጅ አይመችም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር መስጠትም አደገኛ ነው።

ምግብ የሚረዳው በልኩ ነው። ምስር፣ ፓፓያ፣ ተልባ፣ አትክልትና ውኃ ለማንኛውም ልጅ ይገባሉ፤ ሥር ለሰደደ መቋጠር ግን ከወትሮው በላይ አሰር ወይም ውኃ መጨመር መፍትሔ መሆኑን መመሪያው አይደግፍም። ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙም ባይበልጥ ይመከራል።

ሰገራው ከለሰለሰና ልጁ መደበቅ ከተወ በኋላ የመቀመጡ ልምድ ይጀመራል። ሆድ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት ስለሚነቃነቅ የተሻለው ሰዓት ከቁርስና ከእራት በኋላ ነው፤ 5 ደቂቃ ያህል፣ ቢወጣም ባይወጣም፣ ያለ ንትርክ። እግር መሬት መርገጡና ጉልበት ከዳሌ ከፍ ማለቱ ጡንቻን ያላላል። ዝቅ ያለ ፖፖ ለዚህ ይመቻል፤ በአዋቂ መጸዳጃ ላይ የተንጠለጠለ እግር ግን ዱካ ያስፈልገዋል። ዳይፐር የሚጠይቅ ልጅ ቀስ በቀስ ይሻገራል፦ ዳይፐሩን አድርጎ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ዳይፐሩን እንዳደረገ ፖፖው ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ ዳይፐሩ ፖፖው ውስጥ ተነጥፎ። ተቀምጦ መቆየቱ ይመሰገናል፤ ማውጣቱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሽልማት ከቁጣ ብዙም አይለይም። አፍንጫ ይዞ «ኤጭ፣ ሸተተ» ማለትም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው የቶብማንና ባልደረቦቻቸው ጥናት ስለ ሰገራ የሚያንቋሽሽ ቃል እንዳይናገሩ የተመከሩ ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ እኩል እምቢ ቢሉም እምቢታቸው ቶሎ አብቅቷል።

መድኃኒቱ ቢያንስ ለ2 ወር ይቀጥላል፤ የሚቀነሰው ምልክቶቹ ሁሉ ጠፍተው 1 ወር ካለፈ በኋላ፣ ያውም ቀስ በቀስ ነው። ልጁ ፖፖ መቀመጥ በመማር ላይ ከሆነ ትምህርቱ እስኪያልቅ አይቆምም። ሐኪሞች ሰገራን በ7 መልክ የሚከፍለውን የብሪስቶል ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ፤ ጠጠር የሚመስለው 1ኛው ሲታይ መጠኑ ይጨመራል፣ ውኃ የሆነው 7ኛው ሲታይ ይቀነሳል። በልዩ ሐኪም ክትትል ሥር ካሉት ግማሽ ያህሉ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ድነው መድኃኒት ያቆማሉ፤ የቀሩት ይዘገያሉ። ጉዞ፣ ትኩሳት፣ አዲስ ትምህርት ቤት ወይም አዲስ ሕፃን ቤት ሲመጣ ችግሩ ሊያገረሽ ይችላል፤ ልጁ ዳግም በእግሮቹ ጣቶች ሲቆም ከታየ ሰገራው ሳይደርቅ በዚያው ቀን ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ይበቃል።