ጭቃ ቤታችን ምን በደለ?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የአዲስ አበባ ልጆች ነን ከምንለው መካከል ብዙዎቻችን ያደግነው በጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ የሆነ ቤት። የክፍል ጓደኛ ሊመጣ ነው ሲባል እናፍርበት ነበር። ዛሬ ግን ጠበቃው ሆነን መጥተናል።

ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ለማለቅ ብዙ አልፈጀበትም። አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር (ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ)። አዲስ አበባን ባለችበት ካጸኗት ነገሮች አንዱ ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ለቋሚና ለማገር ይደርሳል። ውኃ ይጨርሳል የሚለው ክስ እንዳለ ሆኖ፣ መቼም ውለታው አይካድም።

የቀረው ከእግር ሥር ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፣ ለቀናት ይብላላል፣ ከዚያ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ግን ተሠርቶ አያልቅም፤ ዝናብ የበላውን በበጋ መልሰው ሊለስኑት ይገባል።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለናል። አዋጅ 47 በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ብዙዎቹ ጭቃ ቤቶች ነበሩ። ኪራዩ ረከሰ፤ ለድኻው እፎይታ ነበር። ግን የድሮው ባለቤት የለም፣ ተከራዩ “የእኔ አይደል” ይላል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ለዓመታት ልስን ያላየ ግድግዳ ሲያዘነብል፣ ስሙ የጠፋው የጭቃው ነው።

በ2003 ዓ.ም. ልደታ በሚገኘው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር በመተባበር፣ “ሱዱ” የተባለ የአፈር ቤት ለሙከራ ተሠራ። ያውም ፎቅ! የምድር ቤቱ ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ የጠነከረ አፈር ሲሆን፣ የላይኛውን ወለል የተሸከመው በስስ የአፈር ሸክላ የተሠራ ቅስት ነው። በእናቶቻችን ቤት ምስጥ ይበላው የነበረው የተቀበረ ቋሚ እዚህ የለም። ከክረምት በኋላ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ግን ለፎቁም አልቀረለትም።