የተጋጠሙ ጉልበቶች፦ መንስኤውና ወቅታዊ ሕክምናው

ሰው ሲቆም ጉልበቶቹ ተጋጥመው ቁርጭምጭሚቶቹ የሚራራቁበት የእግር ቅርጽ ከ2 ዓመት ዕድሜ በኋላ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ሲሆን፣ እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ በአብዛኛው በራሱ ይቃናል። ከዚህ ዕድሜ ካለፈ፣ በአንድ እግር ብቻ ከታየ ወይም ሕመም ካስከተለ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከመንስኤዎቹ አንዱ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ ነው። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ የሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ፀሐይ ባይጠፋም፣ ሕፃናትን ብርድና ምች እንዳያገኛቸው ሸፋፍኖ ቤት ውስጥ ማቆየት ለእጥረቱ ያጋልጣል።

ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ ሕክምናው ቀለል ያለ ነው። በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን፣ አጥንቱ በሚያድግበት ስፍራ ላይ ትንሽ ብረት በማሰር እግሩ እያደገ እንዲቃና ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል የአካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ሳይታከሙ ባደጉ ሰዎች የሰውነት ክብደት በጉልበቱ ውጫዊ ጎን ላይ ስለሚበዛ መገጣጠሚያው ሊያልቅ ይችላል። ጉዳቱ ሲከፋ በብረትና በፕላስቲክ ይተካል። ከተለመደው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቅድ ይልቅ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቅድ የሚከናወን ዘዴም አለ። ሆኖም በእነዚህ ሕሙማን የጉልበቱ ውጫዊ ጅማቶች ያጠሩ በመሆናቸውና በአጠገባቸው የሚያልፈው ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከቅዱ ማነስ ይልቅ የእግሩ በትክክል መቃናት ቅድሚያ ይሰጠዋል።

በመሆኑም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን እንዲህ ዓይነት ልጆችን ዕድገታቸው ሳያበቃ ወደ ሐኪም እንዲላኩ ማድረጋቸው ከከባድ ቀዶ ሕክምና ሊያድናቸው ይችላል።