ሁለት ቁላህ ውሃ ስንት ነው?



በደረሳነት ዘመናችን «ሁለት ቁላህ ማለት አምስት መቶ ረጥል ነው» የሚለውን በቃላችን ይዘን ነበር። ሆኖም ከአንድ የውሃ ገንዳ ፊት አቁሞ «ይህ ሁለት ቁላህ ይሞላል?» ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር መልስ አልነበረንም። ስሌቱ በኪታቦቻችን ውስጥ ነበር፤ ሳናስተውል ያለፍነው እኛ ነን።

የጉዳዩ መነሻ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንስሳትና አራዊት ስለሚመላለሱበት ውሃ ተጠየቁ፤ ሁለት ቁላህ የደረሰ ውሃ ነጃሳን እንደማይሸከም ተናገሩ። ቁላህ ትልቅ ጋን ነው። ጋን ግን ከጋን ይለያል። በ150 ዓ.ሂ. (767 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑ ጁረይጅ የሀጀርን ጋኖች አይተው፣ አንዱ ጋን ሁለት ቂርባ ወይም ሁለት ቂርባና ጥቂት እንደሚይዝ ገለጹ። ቂርባ ከቆዳ የሚሠራ የውሃ መያዣ ነው። በ204 ዓ.ሂ. (820) ያረፉት ኢማሙ ሻፊዒይ ለጥንቃቄ ሲሉ «ጥቂቱን» ግማሽ አድርገው ያዙት። ሁለቱ ጋኖች አምስት ቂርባ ሆኑ። ተከታዮቻቸውም አንዱን ቂርባ 100 የባግዳድ ረጥል ብለው ገመቱ፤ 500 ረጥል መጣ።

ነገር ግን ገንዳን በሚዛን ላይ ማን ያወጣዋል? ስለዚህ በክንድ ለኩት። በ676 ዓ.ሂ. (1277) ያረፉት ኢማም ነወዊ፣ ልኩ በርዝመት፣ በወርድና በጥልቀት አንድ ክንድ ከሩብ መሆኑን ጽፈዋል። ኋላ የመጡት የመዝሀቡ ሐተታ ጸሐፊዎች ደግሞ እንዲህ አብራሩት፦ አንድ ክንድ ከሩብ አምስት ሩብ ነው። ታችኛውን ወለል በየጎኑ ሩብ ክንድ በሆኑ ኩቦች ብንሸፍነው 5 በ5፣ 25 ኩብ ይይዛል። ይህ አንድ ደርብ ነው። እስከ አፉ አምስት ደርብ ስንደራርብ 125 ኩብ ይሆናል። እያንዳንዱ ኩብ 4 ረጥል ይይዛል፤ 125 በ4 ሲባዛ 500! የሚዛኑና የክንዱ መንገድ ተገናኙ።

በዛሬ መለኪያ እንየው። ክንዱን 48 ሴንቲ ሜትር ብለን ብንይዝ አንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ልክ አንድ ሊትር ነው። በአንዱ ደርብ 36፣ በስድስቱ ደርብ 216 ሊትር ማለት ነው።

አሁን ዓይናችንን እንፈትነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ሲያዩት ሰፊ ነው። ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግን በአንዱ ደርብ 80፣ በሁለቱ 160 ሊትር ነው፤ አልደረሰም። 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 240 ሊትር ይሆናል፤ አልፏል። የሚለካውም የውሃው ከፍታ እንጂ የግድግዳው አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከሁለት ቁላህ ያነሰ ውሃ ነጃሳ ሲገባበት ይነጀሳል፤ የደረሰው ግን ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ በቀር አይነጀስም። ሌሎች መዝሀቦች የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ልኩም ግምታዊ ነውና ጥቂት ቢጎድል አንጨነቅ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ስለ ኩብና ስለ ይዘት ተምረው ሲመጡ «ይህ የዱንያ ትምህርት ነው» ብለን አንለፈው። ሜትር እናስይዛቸውና የቤታችንን ገንዳ ያስለኩን። ዑለሞቻችን ለዉዱእ ሲሉ ያሰሉት ስሌት ነውና።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።