ሐቀኛ ሕንፃ ፍለጋ፤ የአርክቴክት ኦገስተስ ፑጂን ሕይወትና ሥራ

ኪነ ሕንፃ ከጥበባት ሁሉ ይልቅ ከኅብረተሰቡ የኑሮ መሠረት ጋር በቅርብ የተሳሰረ ጥበብ ነው። ገጣሚ ብዕርና ወረቀት፣ ሠዓሊም ቀለምና ሸራ ካገኘ ብቻውን ሊሠራ ይችላል። ሕንፃ ግን ገንዘብ ያወጣው፣ ንድፍ የነደፈው፣ ድንጋይ የጠረበውና ኖራ ያቦካው ሁሉ ካልተባበሩበት አይቆምም። ስለዚህ የአንድን ሕንፃ ታሪክ ስናጠና ማን አሠራው? ማን ነደፈው? ማን ሠራው? የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለያይተን ማየት ይገባናል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የኖረው የቤተ ክርስቲያን አርክቴክት ኦገስተስ ዌልቢ ፑጂን ለዚህ ጥናት የተመቸ ምሳሌ ነው። ፑጂን ሕንፃ ሊዋሽ አይገባውም ብሎ ያስተማረ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ የድካሙን ትልቁን ክፍል ያፈሰሰበት ሕንፃ ለብዙ ዘመን በሌላ ሰው ስም ብቻ ሲጠራ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና የሙያ ትምህርቱ

ፑጂን የተወለደው ማርች 1 ቀን 1812 በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ኦጉስት ሻርል ፑጂን ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የመጣ የንድፍ ባለሙያ ሲሆን፣ በጊዜው ስመ ጥር ለነበረው አርክቴክት ለጆን ናሽ ይሠራ ነበር። የመካከለኛውን ዘመን ሕንፃዎች እየለካ ንድፋቸውን በመጻሕፍት ያሳትም፣ በቤቱም ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ልጁም ሙያውን የቀሰመው ከአባቱ እግር ሥር ሆኖ፣ በእንግሊዝና በኖርማንዲ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን እየለካና እየነደፈ ነው።

ችሎታው የታየው ገና በለጋ ዕድሜው ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1827፣ ለንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የዊንድሰር ቤተ መንግሥት የቤት ዕቃዎችን ነደፈ። ቀጥሎም በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ቤት የመድረክ ገጽታ ሠርቷል። የራሱን የቅርጻ ቅርጽና የቤት ዕቃ ንግድ ቢከፍትም ከስሮ በዕዳ እስከ መታሰር ደረሰ። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1832 በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ ሁለተኛዋም በ1844 አረፈች። በ1848 ጄን ኒልን አገባ። በጠቅላላው የስምንት ልጆች አባት ነበር።

ዘመኑና ተቃውሞው

ፑጂን ለአካለ መጠን የደረሰበት ዘመን የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከበርቴ መደብ በእንፋሎት ኃይል እየተመራ የአገሪቱን ገጽታ የለወጠበት ዘመን ነው። ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ከገጠር እየተነቀለ በጠባብ የከተማ ጉሮኖዎች ታጎረ። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ደግሞ ተረጂውን ከቤተሰቡ ለይቶ፣ ከእስር ቤት በማይሻል የሥራ ቤት ውስጥ እንዲያድር አስገደደው። የሕንፃ ሥራም የዚሁ ዘመን ጠባይ አልቀረለትም። ጡቡ በልስን ተሸፍኖ ድንጋይ መሰለ፤ እንጨቱ ቀለም ተቀብቶ እብነ በረድ ተባለ፤ የግሪክ ቤተ ጣዖት ዐምዶች ለባንክም ለቤተ ክርስቲያንም ያለ ልዩነት ፊት ሆኑ።

በዚህ ሁኔታ የተቆጣው ፑጂን በ1836 «ንጽጽሮች» የተባለውን መጽሐፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። የመጽሐፉ ኃይል ከቃላቱ ይልቅ በሥዕሎቹ ላይ ነው። የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ሕንፃ ከራሱ ዘመን ሕንፃ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለተመልካቹ ተወ።

በ1841 በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ የጨመራቸው ሁለት ሥዕሎች በተለይ የታወቁ ናቸው። በአንደኛው የጥንቱን የድሆች መጠለያና የዘመኑን የሥራ ቤት አነጻጽሯል። በጥንቱ ቤት ድሃው ሥጋ፣ ዳቦ፣ አይብና ጠላ ይቀርብለታል፤ ሲሞትም በጸሎት በክብር ይቀበራል። በአዲሱ ቤት ግን ድርሻው ቀጭን አጥሚትና ድንች ሲሆን፣ አስከሬኑም ለሕክምና ተማሪዎች መለማመጃ ይወሰዳል። በሁለተኛው ሥዕል አንዲት ከተማ በ1440 እና በ1840 ምን እንደምትመስል አሳይቷል። በመጀመሪያው ሰማዩን የሞሉት ሹል የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች ነበሩ። በሁለተኛው ቦታቸውን የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ወስደዋል፤ ከፊት ለፊትም አዲስ እስር ቤት ተገትሯል።

ይህ ሂስ ብርቱ ነው፤ ወሰኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ፑጂን የበሽታውን ምልክት አጥርቶ ቢያይም መድኃኒቱን የፈለገው ባለፈው ዘመን ውስጥ ነበር። በ1835 የካቶሊክን እምነት ከተቀበለ በኋላ የጎቲክ ኪነ ሕንፃ መመለስ የእምነቱም የኅብረተሰቡም መመለስ ነው ብሎ ያምን ነበር። የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ለባላባቱ ይከፍል የነበረው ግብርና ጉልበት በሥዕሎቹ ውስጥ አይታይም። ከዚህም በላይ በ1840ዋ ከተማ ሥዕል ላይ ከእስር ቤቱና ከጋዝ ፋብሪካው ጋር በመጥፎ ምሳሌነት ከዘረዘራቸው ሕንፃዎች አንዱ የሶሻሊስቶች የሳይንስ አዳራሽ ነበር። የድሃውን ስድብና ረሃብ አይቶ የተቆጨው ሰው፣ ድሃው ራሱ ሊማርበትና ሊመካከርበት ያቆመውን ቤት እንደ ጠላት ቆጠረው።

ሁለቱ ሕጎች

በ1841 ፑጂን ንግግሮቹን አሰባስቦ ስለ ጎቲክ ኪነ ሕንፃ እውነተኛ መመሪያዎች ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ፍሬ ነገሩ በሁለት ሕጎች ይጠቃለላል። አንደኛው፣ በሕንፃ ላይ ለአገልግሎት፣ ለግንባታ ወይም ለተገቢነት የማያስፈልግ ነገር እንዳይኖር ነው። ሁለተኛው፣ ጌጥ ማለት ለግንባታው የሚያስፈልገውን ክፍል ማሳመር እንጂ ከውጭ የሚለጠፍ ነገር እንዳይሆን ነው።

እነዚህን ሕጎች ከዕለት ሥራ በወሰዳቸው ምሳሌዎች አስረድቷል። የግንብ ደጋፊ የቅስቱን ግፊት ስለሚሸከም ሊደበቅ አይገባውም። የበር ማጠፊያ ሳንቃውን አንድ ላይ የሚይዝ ብረት ነውና በገሃድ ይታይ፤ ማስጌጥም ከተፈለገ ብረቱ ራሱ ይቀረጽ። ድንጋይ እንደ ድንጋይ፣ እንጨትም እንደ እንጨት ይሠራ። ፑጂን ሕጎቹን ያወጣቸው ለጎቲክ መከላከያ ይሁን እንጂ፣ ከጎቲክ ዘመን ርቀው፣ የሕንፃ ቅርጽ ከአገልግሎቱና ከተሠራበት ነገር ይመንጭ ለሚሉት ለ20ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክቶችም መንገድ ከጠረጉት ሐሳቦች መካከል ሆነዋል።

አብያተ ክርስቲያናቱና የሥራ ጓዶቹ

በ1829 የወጣው ሕግ የእንግሊዝን ካቶሊኮች ከብዙ የፖለቲካ እገዳ ስላላቀቃቸው አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ያስፈልጉ ነበር። ፑጂንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበርሚንግሃምን የቅዱስ ቻድ፣ የኖቲንግሃምን የቅዱስ በርናባስ፣ የለንደን ሳውዝወርክን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራሎች ነደፈ። የገንዘብ እጥረት ግን ብዙዎቹን ንድፎች እንዳሰበው እንዳይፈጸሙ አድርጓል።

ገንዘብ ሳይጎድል የተሠራው በቺድል ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጊልስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወጪውን የሸፈኑት የሽሩስበሪ መስፍን ነበሩ። በ1846 የተመረቀው ይህ ሕንፃ ከቀይ አሸዋማ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ሹል ጉልላቱ 61 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ይወጣል። በውስጡ ግድግዳውም፣ ዐምዱም፣ ኮርኒሱም በቀለምና በወርቅ ተሸፍኗል፤ ወለሉም በቅርጽ በተሠራ ሸክላ ተነጥፏል። በምዕራቡ በር ላይ ግን በቀይ መደብ የተሣሉት ትልልቅ የወርቅ አንበሶች የመስፍኑ ቤተሰብ አርማ ናቸው። ወደ ጸሎት የሚገባው ሰው በቅድሚያ የሚያየው ገንዘቡን ያወጣውን ሰው ምልክት ነው።

እነዚህን ሥራዎች ፑጂን ብቻውን አልፈጸማቸውም። ድንጋዩን ይጠርብና ግንባታውን ይመራ የነበረው የሃል ከተማ ተወላጅ ድንጋይ ጠራቢ ጆርጅ ማየርስ ነው። የብረታ ብረቱንና ኋላም ባለቀለም መስተዋቱን ጆን ሃርድማን በበርሚንግሃም፣ የወለሉን ሸክላ ኸርበርት ሚንተን በስቶክ፣ የግድግዳ ጌጡን ጆን ክሬስ በለንደን ያሠሩ ነበር። ከነዚህም በስተጀርባ ስማቸው ያልተመዘገበ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ፑጂን በበኩሉ የቢሮ ረዳቶችን ሳያሰልፍ፣ ከኩላሊት እስከ ጉልላት እንደሚባለው፣ ከበር ቁልፍ ጀምሮ እስከ ደወል ማማ ድረስ ያለውን ንድፍ በገዛ እጁ ይነድፍ ነበር።

የዌስትሚኒስተር ሕንፃ

ኦክቶበር 16 ቀን 1834 የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ ተቃጠለ። ለአዲሱ ሕንፃ በወጣው ውድድር 97 ንድፎች ቀርበው የቻርልስ ባሪ ንድፍ በ1836 አሸነፈ። ባሪ ጠቅላላ ፕላኑን ቢያወጣም በጎቲክ ጌጥ ላይ የፑጂን ያህል ዕውቀት አልነበረውም፤ የውድድሩን ሥዕሎች የነደፈለትም ፑጂን ነበር። ፑጂን በ1844 እንደገና ተጠርቶ እስከ 1852 ድረስ የሕንፃውን የውስጥ ክፍል ነደፈ። የዙፋኑ፣ የወንበሩ፣ የግድግዳ ወረቀቱ፣ የወለል ሸክላው፣ የመብራቱና የቀለም መያዣው ሳይቀር ንድፍ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። በ1852 ለባሪ የሠራው የመጨረሻ ንድፍ ቢግ ቤን የተባለው ደወል የሚገኝበት፣ ቁመቱ 96 ሜትር የሆነው የሰዓት ማማ ነው። የነበረው ሹመት ግን የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ተቆጣጣሪ የሚል፣ ደመወዙም በዓመት 200 ፓውንድ ነበር።

ፑጂን ሕንፃውን በራሱ ሕግ ሲመዝነው አካሉ የግሪክ፣ ልብሱ ብቻ የጎቲክ ሆኖ አግኝቶታል። በገሃድ የሚታየውም ጌጥ ሁሉ የእጅ ሥራ አልነበረም። እንጨቱን በሻካራው የሚቀርጽ የእንፋሎት መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ የእጅ ባለሙያው የሚጨምረው የማለስለሱን ሥራ ነው።

ግድግዳዎቹን ያቆሙት ሠራተኞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1841 በዚሁ ሕንፃ ላይ የተሠማሩት ድንጋይ ጠራቢዎች በካቦው ግፍና ስድብ ተማርረው የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ሥራ ተቋራጮቹ ግሪሰልና ፒቶ ካቦውን ለመሻር እምቢ አሉ። አድማው እስከ 1842 ቀጠለ፤ በምትካቸው ሌሎች ሠራተኞች ተቀጥረው አድመኞቹ ድል ሳያገኙ ቀሩ። የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ጠራቢ በማኅበሩ ተከብሮ ይኖር ነበር የሚለው የፑጂን ሕልም፣ እሱ ራሱ ባስጌጠው ሕንፃ ግድግዳ ሥር በዚህ መልክ ተፈተነ።

ፍጻሜውና ውርሱ

በ1852 ቻርልስ ባሪ የሰር ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ፑጂን በሥራ ብዛት ደክሞ አእምሮው ታወከና ቤተልሔም ወደተባለው የለንደን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ ጄን ወደ ራምስጌት ቤታቸው መለሰችው፤ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1852 በ40 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ከቤቱ አጠገብ በራሱ ገንዘብ ባሠራው በቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ውጭው ከባልጩት ድንጋይ የተሠራው፣ ውስጡም ያለ ቀለም ሽፋን ድንጋዩን እንዳለ የሚያሳየው ይህ ሕንፃ የታሰበለት ማማ ሳይወጣለት ቀርቷል፤ ለሕጎቹ ግን ከሌሎቹ ይልቅ የታመነው እሱ ነው።

በ1867 ልጁ ኤድዋርድ የፓርላማው ሕንፃ ጥበብ የአባቱ ነው ሲል ጽሑፍ አሳተመ፤ የባሪ ልጅ አልፍሬድም በተቃራኒው ጽፎ መለሰለት። የሁለቱ ልጆች ክርክር የሚያሳየን አንድ ነገር አለ። ሁለቱም የተሟገቱት ክብሩ ለየትኛው አርክቴክት ይገባል በሚለው ላይ እንጂ፣ በ1841 ሥራቸውን ስላጡት ድንጋይ ጠራቢዎች አልነበረም። የባሪ ፕላን፣ የፑጂን ንድፍና የጠራቢው ክንድ ካልተደመሩ ያ ሕንፃ አይኖርም ነበር።

የፑጂንን ጥያቄ ከእሱ በተሻለ መንገድ ያራመዱት ከሱ በኋላ የተነሡ ናቸው። ጆን ረስኪን ፑጂንን አጥብቆ ቢነቅፍም በ1853 ባሳተመው ጽሑፍ የጎቲክን ውበት ከሠራተኛው የማሰብ ነፃነት ጋር አያያዘው። ዊልያም ሞሪስ ደግሞ ከዚሁ ተነሥቶ በ1883 ወደ ሶሻሊስት ንቅናቄ ገባ፤ ጥበብ የጥቂቶች ጌጥ ሆኖ መቅረት የለበትም ሲልም ታገለ። ፑጂን በመጥፎ ምሳሌነት የሣለው አዳራሽ ለሞሪስ የተስፋ ቦታ ሆነ።

እንግዲህ የፑጂን ሕይወት ለመምህሩም ለአርቲስቱም ጠቃሚ ትምህርት ይዟል። ሕንፃ ሊዋሽ አይገባውም የሚለው ሕጉ ትክክል ነበር። ግን ማጠፊያው ታይቶ ማጠፊያውን የቀጠቀጠው እጅ ከተደበቀ እውነቱ ገና በግማሽ ነው የተነገረው። ተማሪዎችን አንድ ታላቅ ሕንፃ ፊት ስናቆም የአሠሪውንና የነዳፊውን ስም ነግረን ብንመለስ ሥራችን ያልተፈጸመ ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ሠራው የሚለው፣ መልስ ሊያገኝ ይገባዋልና።