የዘገየው ባቡር ዘፈን
የታተመ የዜማ ወረቀት፤ ወረቀት ላይ ቀለም፤ አየርላንድ

እ.ኤ.አ. በ1854 በሮስኮመን አውራጃ የተወለደው ፐርሲ ፍሬንች፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጽሞ በካቫን አውራጃ የውኃ መውረጃ ቦዮች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲመላለስ የገበሬውን አነጋገርና ጠባይ በልቡናው ጽፎ ያኖረ፣ ከዚያ ሥራ ከተሰናበተም በኋላ ባንጆውን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሕዝቡን በሐሤት የመላ ደራሲና ሠዓሊ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1896 በክሌር አውራጃ ባሕር ዳርቻ ባለችው በኪልኪ ትርኢት ሊያሳይ በዌስት ክሌር ምድር ባቡር ተሳፍሮ ሲጓዝ፣ ሞተሩ ከቀዳው ውኃ ጋር አረም ገብቶበት እንፋሎቱ ስለ ደከመ፣ ከስፍራው ሲደርስ አብዛኛው ተመልካች ተበትኖ አገኘው፤ ኩባንያውንም ከስሶ 10 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት። እ.ኤ.አ. በ1902 «አር ዪ ራይት ዜር፣ ማይክል?» የተባለውን ይህን ዘፈን ሲደርስ ግን ቂሙ ወደ ሳቅ ተለውጦ ነበርና፣ ነጂውና ጠባቂው ሳይቸኩሉ ወሬያቸውን ሲቀጥሉ፣ ተሳፋሪዎቹም ወርደው በዳገቱ ላይ አሮጌውን ሞተር ሲገፉ ያሳየናል።

በዚያ ዘመን የአየርላንድን ገበሬ ሞኝና ሰካራም አድርጎ በመድረክ ማላገጥ የተለመደ ስለ ነበረ፣ የፍሬንች ቀልድ ከዚህ ልማድ ጨርሶ የጸዳ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ሆኖም ባላገሩን እንደ ጎረቤት ቀርቦ ያወቀ ሰው ፍቅር በቃላቱ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ እኛም ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን የምናስበልጠው ስለዚሁ ነው።

የባቡር መሥመሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ተዘግቷል፤ ዘፈኑ ግን እስከ ዛሬ ይዘፈናል።