ተጨማሪ ሞት

ተጨማሪ ሞት ማለት በወረርሽኝ ወይም በሌላ አደጋ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ የደረሰ የሞት ቁጥር ነው። የሚሰላው በወቅቱ ከሞቱት ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ላይ፣ ካለፉት ዓመታት በመነሳት የሚጠበቀውን ቁጥር በመቀነስ ነው። ስለዚህ ሳይመረመሩ የሞቱትንና ሕክምና በመቋረጡ በሌላ በሽታ የሞቱትንም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 እና 2021 ወደ 14.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሞት ገምቷል፤ በኮቪድ-19 እንደሞቱ በይፋ የተነገረው ግን 5.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

የመዝገብ ጉድለት

ከ100 ሟቾች 40ዎቹን ብቻ የሚመዘግብ ወረዳ አለ እንበል። በደህናው ዓመት 400፣ በወረርሽኙ ዓመት 520 ሞት ቢመዘግብ፣ እውነተኛው ቁጥር 1,000 እና 1,300 ይሆናል፤ ተጨማሪው ሞት 300 ነው። ነገር ግን በወረርሽኙ ዓመት ምዝገባው ተሻሽሎ 52 በመቶ ደርሶ ከሆነ፣ 520ው ያው 1,000 ሞት ነው፤ ተጨማሪ ሞት የለም ማለት ነው። በተቃራኒው መዝጋቢዎች ሥራ ካቆሙ ብዙ ሞት ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ከሟቾች ቁጥር በፊት የምዝገባው ሽፋን መታወቅ አለበት።

በኢትዮጵያ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው በቤቱ ሞቶ ስለሚቀበር በርካታ ሞት ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። በአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ቀብሮችን ከመቃብር ቦታዎች ሲቆጥሩ ቆይተዋል። በሰሜን ጎንደር፣ ዳባት ወረዳ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የሥነ-ሕዝብ ክትትል ጀምሯል። መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ፤ የሞቱንም መንስኤ ለማወቅ ቤተሰብን ይጠይቃሉ። የነዋሪው ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ያልተነገረ ሞት በቀጣዩ ጉብኝት ሊገኝ ይችላል። ሆኖም የአንድ ወረዳ ውጤት ብቻውን አገሪቱን አይወክልም።