የተሰበረ ጫፍ ዕዳ፦ በወገዳ የቀጥቃጭና የገበሬ ውል ታሪክ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርደው፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያቅፈው የወገዳና የአካባቢዋ ምድር፣ ከደጋው ገብስ እስከ ቆላው ማሽላ የሚታረስበት የገበሬ አገር በመሆኑ፣ ታሪኩ ከብረት ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ቢላዋ፣ እንዲሁም ምላጩ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባውና ከኪስ የማይለየው ሰንጢ፣ ይህ ሕዝብ ኑሮውን የሚገፋባቸው ዕቃዎች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት በጫፋቸው ሲሆን፣ ጉዳት ቀድሞ የሚደርስባቸውም በዚያው በጫፋቸው ነው። ጫፍ በተሰበረ ጊዜ ደግሞ ዕዳው የሠሪው ነው ወይስ የተጠቃሚው የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአንድ ማኅበረሰብ የሙያ ክብርና የፍትሕ ስሜት የሚለካበት ነው።

ብረት እየቀጠቀጠ ዕቃ የሚሠራው ባለሙያ ቀጥቃጭ ይባላል፤ ጠይብ የሚለው ስም ግን ሰፋ ያለ ሲሆን ቀጥቃጩን ጨምሮ ሌሎችን የእጅ ባለሙያዎችም ይጠራል። የቀጥቃጭ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ከፍየል ቆዳ ተሰፍቶ አየር እየገፋ እሳቱን የሚያነደው ወናፍ፣ ከሰል፣ የጋለውን ብረት የሚይዘው ጉጠት፣ መዶሻ፣ እንዲሁም ብረቱ ተጋድሞ የሚመታበት መስፍ ናቸው። ብረቱ ቅርጹን ከያዘ በኋላ የሚከተለውና የባለሙያውን ልክ የሚያሳየው ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው፤ ይኸውም ስለቱን ፍም እስኪመስል፣ በዛሬው መለኪያ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ አግሎ በድንገት ውሃ ውስጥ መንከር ማለት ነው። በቂ ካርቦን የያዘው ብረት፣ ማለትም አረብ ብረት፣ በዚህ ጊዜ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ጠነከረ ቢተው እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ ላዩ ተወልውሎ እንደገና በቀስታ ይሞቃል፤ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም ሲያወጣ ስለቱ ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል፣ ወደ ሰማያዊ ሲያልፍ ደግሞ ጥንካሬው ቀንሶ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስለት የሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ስምምነት ነው፤ ቶሎ እንዳይዶለድም የተሠራው ለስብራት ይቀርባል፣ እንዳይሰበር የተሠራው ቶሎ ይዶለድማል።

ጫፍ ከሌላው የስለት ክፍል ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። ጫፍ ቀጭን ስለሆነ እሳት ላይ ከሌላው ቀድሞ ይግላል፤ ቀጥቃጩ ለአፍታ ቢዘናጋ ጫፉ ከልክ በላይ ይግልና የውስጡ ቅንጣት ይሻክራል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያበጅ ይችላል። በተጠቃሚው በኩል ደግሞ ጫፍ ለመውጋትና ለመብሳት እንጂ ለመፈልቀቅ አልተሠራም፤ የአንድ ምላጭ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ መታጠፍን የሚቋቋምበት ኃይል ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በመካከሉ ብርቱ የሆነ ሰንጢ ጫፉ ላይ ደካማ ነው። በሰንጢ ጫፍ የቆርቆሮ ክዳን የሚያነሣ ወይም ምስማር የሚነቅል ሰው ዕቃውን ካልተፈጠረበት ሥራ ላይ አውሏል ማለት ነው። በማረሻም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በጭንጫ መሬት ላይ በሬዎቹ በሙሉ ጉልበታቸው ሲስቡ ሹሉ ከተቀበረ ድንጋይ ጋር ቢጋጭ፣ ገበሬው እርፉን አቅልሎ ካላሳለፈው በቀር የጥንዱ ጉልበት ሁሉ በጣት ስፋት ብረት ላይ ያርፋል።

የጫፍ ዋጋ በገበሬው ዘንድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም፣ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት እንደሆነ የሚታመነው የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ፣ ማለትም ሊቃውንት ትምህርታቸውን አጠናቀው ምስክር የሚቀበሉበት ጉባኤ ቤት በመሆኑ፣ አካባቢው ለዘመናት የብራናና የብዕር አገር ነበር። ብዕር የሚቀረጸው ከመቃ ነው፤ መቃው በሰያፍ ከተቆረጠ በኋላ ቀለም የሚወርድበት ቀጭን ስንጥቅ በአፉ ላይ ይወጣለታል፤ ይህን ስንጥቅ የሚያወጣው ስለታም ምላጭ ነው። ጫፉ የተሸረፈ ምላጭ መቃውን ይፈረካክሰዋል፣ የተፈረካከሰ ብዕርም ብራናውን ያበላሻል። ስለዚህ ስሙ በጉባኤ ቤት የማይነሣው ቀጥቃጭ በየመጽሐፉ መስመር ውስጥ ድርሻ ነበረው።

የዕዳውን ጥያቄ በተመለከተ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ በቀጥቃጭና በገበሬ መካከል የነበረው ግንኙነት ከአንድ ጊዜ ግዢ የተለየ እንደነበር ማስተዋል ያስፈልጋል። ገበሬው ለቀጥቃጩ አዝመራው ሲገባ እህል ይሰፍርለታል፤ ቀጥቃጩም በዓመቱ ውስጥ የዶለደመውን ማረሻ ያሾላል፣ ያጠረውን ይቀጥላል፣ የተሰበረውን ይጠግናል። በእንዲህ ያለው ውል ሥር የዋስትናው ቃል ለብቻው መነገር አያስፈልገውም፤ ማረሻውን አበላሽቶ የሠራ ቀጥቃጭ ያንኑ ማረሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ ደጋግሞ እሳት ውስጥ ሊያስገባ ስለሚገደድ፣ የሥራው ጉድለት ወደ ራሱ ጉልበትና ከሰል ይመለሳል። ገበሬውም በበኩሉ ዕቃውን በግድየለሽነት ቢሰባብር፣ በእርሻው ወቅት በቀጥቃጩ ደጃፍ ወረፋ እየጠበቀ የዘር ጊዜ ያልፍበታል። እያንዳንዱ ወገን የጥፋቱን ዋጋ ራሱ የሚከፍልበት ይህ አሠራር፣ ሕግ አዋቂዎች በብዙ አንቀጽ ሊደርሱበት የሚሞክሩትን ሚዛን በልማድ አግኝቶት ነበር።

ክርክር ቢነሣ ደግሞ ምስክሩ ራሱ ብረቱ ነበር፤ የስብራት ገጽ ለሚያነብበው ይናገራልና። ስብራቱ እንደ አሸዋ በሻከረና በሚያብለጨልጭ ቅንጣት የተሞላ ከሆነ ብረቱ እሳት ላይ ከልክ በላይ ቆይቷል፤ ከገጹ ከፊሉ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከፊሉ ብቻ አዲስ ሆኖ ከታየ ስንጥቁ ከስብራቱ በፊት እዚያው ነበረ፤ በሁለቱም ጊዜ ጣት የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ወደ ሠሪው ነው። ገጹ ልም፣ ግራጫና አንድ ዓይነት ሆኖ የምላጩ ቀሪ ክፍል ወደ አንድ ጎን ጎበጥ ካለ ግን፣ ደህናው ብረት በመፈልቀቅ ከአቅሙ በላይ ተገድዷል ማለት ነው። ጫፉ ሳይሰበር የታጠፈ ከሆነ ውሃ አልጠጣም፣ ወይም ከመጀመሪያውም ለስላሳ ብረት ነበረ።

በቀጥቃጭና በገበሬ መካከል የነበረውን ሚዛን ያዛባው የብረቱ ጠባይ ሳይሆን ለሠሪው የተሰጠው ቦታ ነው። በጎንደር ክፍለ ሀገር የቀጥቃጭነት ሙያ በአብዛኛው በቤተ እስራኤልና እንደ እነርሱ ርስት በተነፈጉ ወገኖች እጅ የነበረ ሲሆን፣ በእሳትና በብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል የሚል እምነት ተጭኖበት ኖሯል። ማረሻውን አምኖ የሚቀበለው ገበሬ ሠሪውን ግን ይፈራውና ይንቀው ነበር፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ባለሙያ ስብራቱ የተጠቃሚው ስህተት መሆኑን ቢያውቅ እንኳ ቃሉ ክብደት አይኖረውም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ጠይቡን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው፣ ችግሩ የመንግሥትን ቃል እስከ መጠየቅ የደረሰ እንደነበር ያስረዳል። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በብዛት በሄዱ ጊዜም፣ በግንቦቱ የአየር ማጓጓዝ ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሲወሰዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የነበረ የብረት ዕውቀት አብሮ ሄዷል።

የሠሪና የተጠቃሚ ጥያቄ በዚሁ ምድር ላይ በታላቅ መጠን የተነሣበት ጊዜም ነበር። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባቋቋሙት የብረታ ብረት ሥራ ማዕከል፣ ቫልድማየር፣ ሞሪትዝ ሆልና ሌሎችም አውሮጳውያን ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው መድፎችን ሠሩ፤ ከእነዚህም ትልቁ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገዱን በራሳቸው ሠራዊት እያስጠረቡ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መድፎቹን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ዘለቁ፤ ጉዞው ወራት የፈጀ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሲከፈት፣ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ እንደ ፈነዳና ምክንያቱም ከልክ በላይ መጉረሱ እንደሆነ በዘመኑ መቅደላ ከነበሩ ሰዎች የተላለፈው ትረካ ያስረዳል። ይህ ትረካ ለሰንጢ ጫፍ የሚሆነውን ትምህርት በመድፍ አፍ ይናገራል፤ ሠሪዎቹ አዲስ በሆነባቸው ሙያ አቅማቸው የፈቀደውን ሠርተው ነበር፣ መድፉ ሲጎርስ ግን የአቅሙ ወሰን አልተጠበቀም። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የአጠቃቀሙ ልክ አብሮት ካላለፈ ስብራቱ የሁለቱም ዕዳ ይሆናል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን በወገዳ ብረት ላይ ሌላ ለውጥ አመጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተጠናቀቀው፣ በቻይናውያን የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ሲያልፍ፣ የመኪና ስብርባሪ እንደ ልብ የሚገኝ ጥሬ ዕቃ ሆነ። የመኪና ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን የያዘ ጥሩ አረብ ብረት ነው፤ ቀጥቃጩ ቀድሞ ከሚያውቀው ለስላሳ ብረት ይልቅ ውሃን አጥብቆ ስለሚጠጣ ግን፣ በድሮው ልማድ የተነከረ ባሌስትራ በቀላሉ ይሰነጠቃል። በዚያው መንገድ ፋብሪካ ሠራሽ ሰንጢም ገባ። ሠሪው ከባሕር ማዶ፣ ሻጩ አላፊ ነጋዴ በሆነበት በዚህ ዕቃ ላይ ጫፍ ቢሰበር ስብራቱን ይዞ የሚኬድበት ደጃፍ የለም፤ ገዢው የሚቀረው አማራጭ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው።

የጽሑፍ ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በቁጥር 2085 ደግሞ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ግን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል። የክርክሩ ቁልፍ «የተለመደ አኳኋን» የሚለው ሐሳብ ነው። ለምሳሌ በስዊዘርላንድ ሰንጢ ሠሪው ካርል ኤልስነር ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገሩ ጦር ያቀረበው ሰንጢ ከምላጩ ጎን ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ብረት ስለነበረው፣ ወታደሩ የምላጩን ጫፍ መፈልቀቂያ ማድረግ አያስፈልገውም ነበር። ተጠቃሚው የሚያደርገውን አስቀድሞ ማወቅ የሠሪው ግዴታ አካል መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በእሳት፣ በውሃና በመዶሻ የተፈጠረ ነውር የሠሪው ነው፤ ስለቱ ለተሠራበት ሥራ ውሎ ከተሰበረም የሠሪው ነው። ምላጭን መፈልቀቂያ ያደረገ ሰው ስብራቱን ራሱ ይሸከም፤ ሳይነገረው የተሳሳተ ከሆነ ግን ያልነገረው ሠሪም ከዕዳው ይካፈል። ይህን ፍርድ በሥራ ላይ ለማዋል ሠሪው የሚታወቅና የሚከበር መሆን አለበት። በወገዳ ገበያዎች ዛሬም ማረሻ የሚያሾሉ ቀጥቃጮች አሉ፤ የወረዳዎቹ አስተዳደሮችና የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ባለሙያዎች የአረብ ብረት አያያዝ ሥልጠናና በዕቃቸው ላይ የሚያትሙት የራሳቸው ምልክት ቢሰጧቸው፣ ገበሬው የተሰበረውን ጫፍ ይዞ የሚሄድበት ደጃፍ ተመልሶ ይከፈታል። ዕዳን በትክክል መጠየቅ የሚቻለው ስሙ በብረቱ ላይ ከተጻፈ ሰው ነውና፣ የወገዳ ቀጥቃጭ ስሙ በሥራው ላይ ይጻፍለት።